ቮን ሮዘንን የኤምባሲ ጉዳይ አታድርጉት፦ ለክቡር ኃላፊው ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ሆይ፣

በአካል መጥቼ፣ በጽሑፍ አመልክቼ፣ ስልክ ደውዬ መልስ ስላጣሁ ነው አደባባይ የወጣሁት። ጉዳዩን ያውቁታል። ማመልከቻዬ መዝገብ ቤታችሁ ገብቶ ማህተም ተመትቶበታል፤ ቅጂው እጄ ላይ አለ።

የጠየቅሁት ትንሽ ነገር ነው። ስዊድናዊው አብራሪ ካውንት ካርል ጉስታፍ ቮን ሮዘን ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. ጎዴ ላይ ተገደለ። ሐምሌ 6 ቀን 2019 ዓ.ም. 50 ዓመት ይሞላዋል። ያን ዕለት መንግሥት ያስበው፣ በሞተበት ከተማም ስሙ የተጻፈበት ድንጋይ ይቁምለት ነው ያልኩት። ገንዘብ ቢያጥር እኔና ጓደኞቼ እናዋጣለን ብዬም ጽፌያለሁ።

ምን ተባልኩ? አንድ የእርስዎ ባልደረባ ወረቀቴን ገለጥ ገለጥ አድርገው፣ "ፈረንጅ አይደል እንዴ? ኤምባሲው ይጨነቅለት" ብለው መለሱልኝ። ይህ ንግግር እስከ ዛሬ ከውስጤ አልወጣም።

ይህ "ፈረንጅ" በ1928ቱ ጦርነት፣ የጣሊያን ቦምብ ቀይ መስቀልን እንኳ በማይምርበት ሰዓት፣ ቁስለኞቻችንን በአውሮፕላን ያመላልስ ነበር። ከነጻነት በኋላም ተመልሶ መጥቶ ለአሥር ዓመት ያህል ደብረ ዘይት ላይ አየር ኃይላችንን አደራጀ። አባቴ እዚያ መካኒክ ነበር፤ የቮን ሮዘንን ስም እየሰማሁ ነው ያደግሁት።

ነሐሴ 1960 ዓ.ም. ደግሞ ከናይጄሪያ ተገንጥላ የምትዋጋው ቢያፍራ በከበባ ስትራብ ከሳኦ ቶሜ ደሴት ምግብና መድኃኒት ጭኖ፣ ዛፍ ሊነካ እስኪደርስ ዝቅ ብሎ እየበረረ ገባ። ኡሊ የሚባለው ማረፊያ ሰፋ ያለ የመኪና መንገድ ነበር። እርዳታው የሚገባው በሌሊት ነው። መብራቱ አውሮፕላኑ ሊያርፍ ሲል ለአፍታ በርቶ ይጠፋል፤ ከላይ ቦምብ ጣይ ያንዣብባል። እዚያ መስመር ላይ ከነጭነታቸው የቀሩ አብራሪዎች አሉ። በጨለማ የሚሠራ፣ የማይወራ ሥራ ስለነበር ዛሬ ስማቸውን የሚያነሳ ጥቂት ነው። እርግጥ ቮን ሮዘን በዚያ ጦርነት ወገን ይዞ፣ ትናንሽ አውሮፕላኖች አስታጥቆ እስከ መዋጋት ደርሷል። በዚህ የሚወቅሰው ቢኖር አልከራከርም። እኛን ግን ምን በደለን?

በረሃቡ ዘመን መኪና የማይደርስበት መንደር ድረስ፣ በትንሽ አውሮፕላን ክንፍ ስር የእህል ከረጢት አንጠልጥሎ፣ ዝቅ ብሎ እየበረረ ይጥልልን የነበረው እሱ ነው። በ67 ዓመቱ አገሩ ገብቶ ማረፍ ይችል ነበር። ኦጋዴን ለተቸገረ ሕዝብ እርዳታ ሊያደርስ ሄደ፤ ጎዴ እያለ ድንገት በተከፈተ ጥቃት ሞተ። ለኢትዮጵያዊ እህል ሲያደርስ፣ በኢትዮጵያ መሬት ላይ የሞተ ሰው እንዴት የኤምባሲ ጉዳይ ይሆናል?

ድንጋዩ ሲቆም ባዶ ቦታ ይተውለት። በዚያው የኦጋዴን ጦርነት ስንቅና መድኃኒት ሲያመላልሱ የቀሩ የራሳችን የበረራ ሠራተኞች ካሉ፣ ስማቸው ከመዝገባችሁ ወጥቶ አብሮ ይጻፍ። ቤተሰቦቻቸው ከእኔ በላይ ይጠብቃሉ።

አሁን የምፈልገው የጽሑፍ መልስ ነው። እምቢ ካላችሁም ምክንያቱን ጻፉት፤ ፈርሙበት፤ ማህተም አድርጉበት።