የፕሮፌሰር መስፍንን ጭቅጭቅ አትቁረጡብን

ለዝግጅት ክፍሉ፣

በጂኦግራፊ ምሁሩና በሰብአዊ መብት ተሟጋቹ በፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ሞት በጣም አዝኛለሁ። 90 ዓመት ኖረው የለ እንዴ ያለኝ ሰው አለ። እኔ ግን ኮሮና ባይወስዳቸው ገና ስንቱን ያናድዱ ነበር ባይ ነኝ። ነፍስ ይማር።

የምጽፍላችሁ ስላወጣችሁት የሕይወት ታሪካቸው ነው። አክብሮት አለው፣ ደህና ተጽፏል። ግን ምነው እንዲህ አለሰለሳችሁት? ሰውየውን የማያውቅ ወጣት ቢያነበው ሁሉ የሚወዳቸው ደግ ሽማግሌ ነበሩ ብሎ ነው የሚያልፈው። ኧረ ባካችሁ!

በ1983 በቴሌቪዥን ከመለስ ዜናዊ ጋር ሲከራከሩ አማራ የሚባል ጎሣ የለም ማለታቸውን አንድ መስመር እንኳ አልሰጣችሁትም። ጎረቤት ቤት ተጠቅጥቀን ነበር ያየነው። አባቴ የመንዝ ሰው ናቸው፤ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡና «እኔ ታዲያ ማን ነኝ?» ብለው ወጡ። እኔም ከዚያ ወዲህ በሐሳቤ ከፕሮፌሰሩ ጋር ስሟገት ነው የኖርኩት፤ በኋላ በ2004 ሰዎች አማራ ተብለው ከደቡቡ ጉራፈርዳ ወረዳ ሲባረሩማ፣ አባራሪው አለ ያለውን ሕዝብ እኚህን የመሰሉ የተማሩ ሰው እንዴት የለም ይላሉ ብዬ ደሜ ነው የፈላው። ዛሬም አልተስማማሁም።

ግን ኢሰመጉን፣ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤን፣ በ1984 ያቋቋሙትም እኚሁ ሰው ናቸው። የዚያን ጊዜ መግለጫዎቹን ያየ ያውቃል። የተገደለው፣ የታሰረው በስም በስሙ ተዘርዝሯል፤ ብሔሩ ምንም ይሁን ምን። በ1998 ከተቃዋሚው ፓርቲ ከቅንጅት መሪዎች ጋር ሲታሰሩ 75 ዓመታቸው ነበር። ሌላው በዚያ ዕድሜ ጡረታውን እየበላ የደም ግፊት ክኒኑን ነው የሚቆጥረው።

የንጉሡን ባለሥልጣናት እንዲመረምር የተቋቋመውን የ1966ቱን መርማሪ ኮሚሽንም ዘላችሁታል። ሊቀመንበሩ እሳቸው ነበሩ። ደርግ ኅዳር 14 ቀን 1967 ባለሥልጣናቱን የረሸነው ያለ ፍርድ ነው፤ ያም ሆኖ እሳቸውን እስከ ዛሬ የሚወቅሱ አሉ፣ አይገባም የሚሉም አሉ። «መክሸፍ እንደ ኢትዮጵያ ታሪክ» ሲወጣ ደግሞ የታሪክ ምሁራኑን ስም እየጠሩ ነበር የሸነቆጧቸው። ስንት ሻይ ቤት ውስጥ ስንት ጓደኛሞች በዚያ መጽሐፍ ተኮራረፉ!

ሙት ወቃሽ ላለመሆን ነው ካላችሁኝ ይገባኛል፣ ወጋችን ነው። ለእሳቸው ግን አይሆንም። እሳቸው ራሳቸው ሞቶ የተቀበረውን ንጉሥ መች ማሩ?

ለሚቀጥለው እትም ቦታ ካላችሁ በሕይወት እያሉ የሞገቷቸውን ሰዎች ጠይቁና አውጡልን። እኔም አንድ ጽሑፍ አለኝ፤ ትንሽ ረዘም ይላል እንጂ።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ