የቅዳሜው የካትቤልስ ጉዞ

ውድ አባላት፣

በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ ሌክ ዲስትሪክት ያለውን የካትቤልስ ኮረብታ ለመውጣት ኬስዊክ ጀልባ ማቆሚያ የምንገናኘው ከጠዋቱ 3:30 በእኛ አቆጣጠር ነው፤ በእንግሊዝ 9:30 ማለት ነው። ባለፈው የተፈጠረው መደናገር አይደገም! ጀልባዋ ሐይቁን የምትዞረው በሁለት አቅጣጫ ስለሆነ የእግር ጉዞው የሚጀመርበት ሆውስ ኤንድ ቶሎ የምትደርሰውን ጠይቃችሁ ተሳፈሩ።

ካትቤልስ 451 ሜትር ብቻ ነው፤ ዙሩ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከነእረፍቱ 4 ሰዓት። ቁመቱ ግን አያታልላችሁ። ጫፉ አጠገብ በእጅ እየያዙ የሚወጡበት ድንጋይ በብዙ እግር ተፈግፍጎ ለስልሷል፤ ዝናብ ሲነካው ያንሸራትታል። ሶሉ ያለቀ ስኒከር እዚያ አይሠራም። በመጣንበት መውረድ ከመውጣቱ ስለሚከፋ፣ በስተደቡብ ሆውስ ጌት ወደሚባለው የኮረብታ ማለፊያ ወርደን በሐይቁ ዳር እንመለሳለን።

ጂንስ አትልበሱ፤ የረጠበ ጥጥ ቶሎ አይደርቅም፣ ነፋስ ሲመታው ሰውነትን ያቀዘቅዛል። የዝናብ ጃኬት፣ አንድ ተጨማሪ ሹራብ፣ 1.5 ሊትር ውሃ፣ ምሳ (ቆሎ ኪስ ውስጥ ይመቻል)፣ ፊሽካ ያዙ። ስልክ ኔትወርክ ሊያጣ ስለሚችል የወረቀት ካርታ (የኦርድናንስ ሰርቬይ ካርታ ቁጥር ኦ ኤል 4) ከመሪዎቹ ጋር ይኖራል።

አደጋ ቢደርስ 999 ደውላችሁ መጀመሪያ ፖሊስ፣ ከዚያ የተራራ ነፍስ አድን ጠይቁ። ስልክ ካልሠራ በደቂቃ 6 ጊዜ ፊሽካ ንፉ፤ 1 ደቂቃ ጠብቃችሁ ድገሙት።

የምትቀሩ እስከ ሐሙስ ማታ አሳውቁን።