ከሜዳው በፊት ጣሪያው፦ የቀድሞውን የዱቄት ፋብሪካ የስፖርትና የዝግጅት ማዕከል ለማድረግ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ውድ የአካባቢያችን ነዋሪዎችና ወዳጆች፣

የቀድሞው የዱቄት ፋብሪካ ማሽኖች ተነቅለው ከተወሰዱ ቆይተዋል፤ ሕንፃው ግን እንደቆመ ነው። ስፖርት የሚሠራበት፣ ስብሰባና ድግስ የሚካሄድበት የጋራ ማዕከል ልናደርገው ተነስተናልና እጃችሁን ዘርጉልን። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ እንነጋገር፤ መጀመሪያ የሚገኘው ገንዘብ ለኳስ፣ ለመረብ ወይም ለመድረክ መብራት አይውልም። የሚውለው ለጣሪያ ነው።

ጣሪያ ፎቶ አያምርበትም፤ ስሜን ጻፉልኝ የሚል ለጋሽም አይሽቀዳደምለትም። ነገር ግን ወደ መጋዘኑ ገብታችሁ ጥግ ላይ ብትቆሙ፣ ከላይ የሚወርደው ውሃ በግድግዳው ላይ ያሰመረውን የዝገት መስመር እስከ ወለሉ ድረስ ታያላችሁ። ግርጌው ያለው ልስን በጥፍር ሲነካ ይፈረፈራል። በዚህ ላይ የእንጨት ወለል ብናነጥፍ ገንዘባችሁን ውሃ በላው ማለት ነው።

«አፍርሶ አዲስ መሥራት አይሻልም ወይ?» የሚሉን አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። የዱቄት ፋብሪካ ወለል የሚሠራው ከባድ ማሽንና የተደረደረ ጆንያ እንዲሸከም ነው፤ እንዲህ ያለውን አጥንት ከመሬት ጀምሮ ማቆም ቀላል ወጪ አይደለም። ይሁን እንጂ ዝም ብሎ የተቀመጠ ጆንያ ሌላ፣ በአንድ ምት አብሮ የሚዘል ሕዝብ ሌላ ነው። ስለዚህ የመዋቅር መሐንዲስ ሳይመረምረው አንድም ዝግጅት አይካሄድበትም። ከጣሪያው ቀጥሎ የምንከፍለው ለዚህ ምርመራ ነው።

የቅርጫት ኳስ ሜዳ 28 ሜትር በ15 ሜትር ነው፤ ከላዩም ቢያንስ 7 ሜትር ባዶ ከፍታ ይፈልጋል። በወፍጮው ፎቆች ውስጥ ምሰሶ በየጥቂት ሜትሩ ስለቆመ ይህ አይታሰብም። መጋዘኑ ግን መሃሉ ክፍት ነው፤ ሜዳውም አዳራሹም እዚያ ይሆናሉ። ፎቆቹ ለጠረጴዛ ቴኒስ፣ ለካራቴ፣ ለልብስ መቀየሪያና ለመሰብሰቢያ ይበቃሉ። ሲሎው (እህል ይከማችበት የነበረው ማማ) ለግድግዳ መውጣት ስፖርት ይመቻል የሚል ሐሳብ ቀርቧል፤ ወጣቶቹ ከሁሉ የወደዱት ይህን ነው፣ እኛ ግን ለኋላ አቆይተነዋል።

ሐሳቡ በእኛ አልተጀመረም። በብራዚል ሳኦ ፓውሎ የበርሜል ፋብሪካ የነበረው ሴስክ ፖምፔያ፣ በአርክቴክት ሊና ቦ ባርዲ ንድፍ እ.ኤ.አ. በ1982 የሕዝብ መዝናኛ ሆኖ ተከፈተ። አሮጌዎቹ ሕንፃዎች ለቤተ መጻሕፍትና ለቴአትር ዋሉ፤ የስፖርት ሜዳዎቹ አጠገባቸው በተሠራ አዲስ ሕንፃ ገቡ። በጀርመን ዱይስበርግ ደግሞ የቀድሞ ብረት ማቅለጫ የጋዝ ታንክ ውሃ ተሞልቶ ዛሬ ጠላቂዎች ይለማመዱበታል።

በጉልበታችን እናግዝ ለምትሉ፣ ጣሪያው ላይ በጎ ፈቃደኛ አናወጣም። አሮጌ የጣሪያ ክዳን አስቤስቶስ (ብናኙ ሳንባን የሚጎዳ ማዕድን) ሊኖርበት ስለሚችል ሳይመረመር አይነካም። የተጋገረው የዱቄት ብናኝም ሳይጸዳ ብየዳ አይጀመርም፤ እ.ኤ.አ. በ1878 በአሜሪካ ሚኒያፖሊስ የዋሽበርን ፋብሪካ በዱቄት ብናኝ ፍንዳታ ወድሞ 18 ሰዎች ሞተዋል። ግቢውን ማጽዳት፣ አጥር መጠገን፣ ቀለም መቀባት ግን የሁላችን ሥራ ነው። ኤሌክትሪሻን፣ ቧንቧ ሠራተኛ፣ በያጅ ወይም የሂሳብ ባለሙያ የሆናችሁ ስማችሁን ለኮሚቴው አስመዝግቡ።

ገንዘብ የሚገባው በኮሚቴው የባንክ ሂሳብ ብቻ ነው፤ ያለ ሁለት ፊርማ አይወጣም። ለትንሹም ለትልቁም ደረሰኝ ይሰጣል፤ ገቢና ወጪው በየወሩ በፋብሪካው በር ላይ ይለጠፋል። ያለ ደረሰኝ ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ሰው ከመጣ፣ ከእኛ አይደለምና አትስጡት። በአንዴ መስጠት የማይችል በየወሩ ትንሽ ትንሽ ቢሰጥ ለእኛ እንዲያውም ይመቸናል፤ ለሠራተኛ የምንከፍለውን አስቀድመን እናውቃለን።

ወንበር፣ ምንጣፍና የስፖርት ዕቃ ልትሰጡ ያሰባችሁ ደግሞ እባካችሁ ለጊዜው እቤታችሁ አቆዩልን፤ ደረቅ ማስቀመጫ የለንም።