ደንገጎ ላይ ቁጭ ያለችው መኪናዬ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

እንደምን ከረማችሁ፣ እኛ ድሬዎች ከሙቀቱ በስተቀር ደህና ነን። ባለፈው ሰሞን ስለ ቅንጡ መኪኖች ያወጣችሁትን ጽሁፍ ሱቄ ቁጭ ብዬ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት፣ ፎቶዎቹም ያምራሉ፣ ግን አንድ ነገር ዘላችኋል፣ ያ መኪና አዲስ ሆኖ ሳይሆን 13 እና 14 አመት ሞልቶት እኛ እጅ ሲገባ ምን ይሆናል የሚለውን። እኔ ይሄን ጥያቄ በኪሴ ስለመለስኩት ነው የምጽፍላችሁ። ከረዘመ ቁረጡት፣ የመጨረሻዋን አንቀጽ ግን እንዳትቆርጡብኝ።

ሳቢያን አካባቢ የህንጻ መሳሪያ ነው የምሸጠው፣ ቀለም፣ ሚስማር፣ ቧንቧ ምናምን። ከሶስት አመት በፊት ኮሮላዬን ሸጬ፣ ቁጥሩን ባለቤቴ እንዳትሰማው የምፈልገው ብር ጨምሬ፣ አንድ ጥቁር የጀርመን መኪና ገዛሁ። የጀርመን ከማለት በላይ ስሙን አልጠራም፣ ጥፋቱም የፋብሪካው ነው አልልም።

ለታይታ ነው የገዛኸው ለሚሉኝ፣ አዎ ለታይታ ነው፣ ምን ይደበቃል። ለነጋዴ ግን ታይታ ባዶ ነገር አይደለም። ኮሮላ እየነዳሁ ጅምላ አከፋፋዩ የ15 ቀን ዱቤ ነበር የሚሰጠኝ፣ ይቺን በገዛሁ በወሩ ራሱ ደውሎ «ወንድሜ እቃ አልጎደለህም? ውሰድና ሲመችህ ትከፍላለህ» አለኝ። ሰውየው ሂሳቤን አላየም፣ ባንክ ያለኝን አላየም፣ ያየው ከዚራ ሰፈር ዛፍ ስር የቆመች ጥቁር መኪና ነው። ሰርግ ላይ አጃቢ ሲደረደር ፊት ያደርጉኛል፣ ሆቴል ስገባ ጥበቃው እየሮጠ መጥቶ ቦታ ያሳየኛል። ሰው አይደለሁም እንዴ፣ ደስ ይላል። ክብር ምንም አይጠቅምም የሚል ሰው ወይ ዱቤ ወስዶ አያውቅም ወይ ይዋሻል።

እንግዲህ ሐምሌ 19 መጣ። ባለቤቴ ለቁልቢ ገብርኤል ስለት ነበረባት፣ ጃንጥላ። አንድ ትልቅ ባለወርቅ ጥልፍ ገዝታ፣ ልጆቹን ይዘን በጠዋት ተነሳን፣ ኤሲው እያንቀጠቀጠን። ደንገጎን ለማታውቁ፣ ከድሬ ወደ ቁልቢ የሚያወጣው ዳገት ነው፣ ድሬ ወደ 1,200 ሜትር ላይ ናት፣ አናቱ ላይ ስትደርስ ከ2,000 ሜትር በላይ ነህ፣ ይሄን ሁሉ በጥምዝምዝ ነው የምትወጣው፣ ለዛውም የቁልቢ ቀን ከፊትህ አይሱዙ ከኋላህ ዶልፊን። ግማሽ ላይ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ ነገር በራ፣ ከዛ እስስስ የሚል ድምጽ ሰማን፣ ከዛ መኪናዋ በግራ የኋላ በኩል ቀስ ብላ ቁጭ አለች። አልተጋጨንም፣ ጎማ አልፈነዳም፣ ሞተሩ እየሰራ ነው፣ ብቻ ግመል ለጭነት እንደምትንበረከከው ቁጭ። ጎማው ከፓራፋንጎው ጋር ተጣበቀ።

ወርደን ዳር ቆምን። ያን ቀን ድሬዳዋ ሙሉዋ በአጠገቤ አለፈች ብል ማጋነን አይሆንም፣ ደንበኛው፣ ጎረቤቱ፣ አማቹ፣ ሁሉም ጡሩምባ እየነፋ። ፀሀዩ እየበረታ መጣ፣ ባለቤቴ ያን የሚያህል ጃንጥላ ታቅፋ አናቷን ይበላታል፣ ዘርጊው እንጂ ስላት «የገብርኤል ነው! ባንተ መኪና ምክንያት ነው እንዴ የምዘረጋው?» ብላ ገላመጠችኝ። ሶስት ሰአት ሲሆን ጎረቤታችን፣ አስተማሪ ነው፣ በዲኤክሱ ከነቤተሰቡ ሰባት ሆነው ሲወጡ አዩንና ቆሙ፣ ባለቤቴን ከነጃንጥላዋና ትንሿን ልጅ ጨምረው ዘጠኝ ሆኑ። ዲኤክሷ ከ30 አመት በላይ ናት፣ ኤሲ የሚባል አታውቅም፣ ቁልፉ ከተነቀለ በኋላ እንኳን ሞተሩ ትንሽ ይስላል። ግን ወጣች፣ ከኋላ ጭሷን እያየሁ።

እኔ ሎቤድ ጠርቼ መኪናዬን አስጭኜ ወረድኩ። ሳቢያን ስንደርስ ያ ጅምላ አከፋፋይ መጋዘኑ በር ላይ ቆሞ አየኝ፣ እጁንም አወዛወዘልኝ። ሰኞ ጠዋት ደወለ፣ «ወንድሜ ያቺ ሂሳብ እንዴት ነው?» አለ። በአንድ ሎቤድ ዱቤዬ ወደ 15 ቀን ተመለሰ።

መካኒኩ ወጣት ልጅ ነው፣ ላፕቶፑን ሰክቶ አየና ሳቀ። «ጋሼ ይቺ እኮ አልተበላሸችም፣ አርጅታ ነው» አለኝ። ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ እንደዚህ አይነቷ መኪና እንደ ኮሮላ ሞላ፣ ያ የሚነጥረው ጥቅል ብረት፣ የላትም፣ በሞላ ፈንታ አየር የተሞላ የጎማ ከረጢት ነው የሚሸከማት፣ ጉድጓድ ስትገባ የማትሰማው ለዛ ነው። ጎማ ደግሞ ጎማ ነው፣ በእድሜና በሙቀት ይደርቃል ይሰነጠቃል፣ የድሬን ሙቀት ታውቁታላችሁ። ስንጥቁ በትንሹ ሲተነፍስ አየር የሚነፋው ኮምፕሬሰር የጎደለውን ልሙላ እያለ ያለ እረፍት ይሰራል፣ መጨረሻ ላይ እሱም ይቃጠላል። የኔ ሁለቱም ሆኖ ነበር። እቃው ድሬ የለም፣ አዲስ አበባ አንድ ቦታ ተገኘ ተባለና ዋጋውን ስሰማ ያልሰማሁ መስሎኝ ደግሜ አስነገርኩት፣ በስንት ልመና ከዱባይ በሰው ሻንጣ መጣ፣ በ47 ቀኑ። 47 ቀን ሙሉ በባጃጅ! የሰፈሩ ባጃጆች ለምደውኝ «ጋሼ ዛሬም ጋራዥ ናት?» ይሉኝ ነበር፣ ድሬ ላይ ሚስጥር የለም አቦ።

በነዛ ቀናት ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ስልኬ ላይ ስለ መኪና የማነበው በዛ። አሜሪካ ጄዲ ፓወር የሚባል ድርጅት አለ፣ በ100 መኪና ስንት ችግር ተገኘ እያለ በየአመቱ አስተማማኝነት ይለካል፣ ሌክሰስ ብዙ ጊዜ ከላይ ነው። ጥሩ፣ ግን የሚለካው 3 አመት የሞላውን መኪና ነው። እኛ ጋ እኮ 3 አመት የሞላው መኪና የወንበሩ ላስቲክ ገና አልተነሳም! ደግሞ ቆጠራ ስለሆነ ብሉቱዝ አልገናኝ ማለቱም አንድ ችግር ነው ካምቢዮ መውደቁም አንድ ችግር ነው፣ በቅርብ አመታት ደግሞ ሰው በብዛት የሚያማርረው በስክሪኑና በስልክ ማገናኛው ነው። እኔ ደንገጎ ላይ ስቀመጥ ብሉቱዙ በደንብ ይሰራ ነበር፣ ሎቤዱን የጠራሁት በሱ ነው።

ሌላው ቀድሞ ያልገባኝ፣ እዛ ቅንጡ መኪና የሚነዳው ሰው ብዙ ጊዜ ገዝቶት አይደለም፣ በሊዝ፣ ማለት በረጅም ኪራይ ይዞት ሁለት ሶስት አመት ነድቶ ይመልሳል፣ እስከዛ ዋራንቲ አለው። ከረጢቱ በ10ኛ አመቱ ቢሰነጠቅ ምን ቸገረው? ያኔ መኪናዋ ባህር ተሻግራ ጅቡቲ ወርዳ እኔ ግቢ ናት። ክብሩን እሱ በላ፣ ሂሳቡ ለኔ መጣ።

ሌክሰስን ካነሳሁ አይቀር፣ ታሪኩ ደስ ይላል። ቶዮታ በፈረንጅ 1989 ሌክሰስ በሚል አዲስ ስም ኤልኤስ 400 የሚባለውን መኪና ይዞ ሲወጣ ስሙን ማንም አያውቀውም ነበር። በዛው አመት መጨረሻ ጥቂት ሰው ስሞታ ሲያቀርብ የተሸጡትን 8,000 ገደማ መኪኖች ሁሉ ጠሩ፣ ባለቤቶቹ ቤት ድረስ ሄደው ወስደው፣ ሰርተው፣ አጥበው መለሱ። ስም ያወጡት እንደዛ ነው፣ ባለመበላሸትና ሲበላሽም ባለመጥፋት። እኛ ጋ ግን ሌክሰስ ልግዛ ስትል «ቶዮታ ነው እኮ» ይሉሃል፣ ስድብ አድርገውት። ቶዮታ ነዋ፣ ለዛ ነው የሚገዛው! ኤልኤክስ የሚባለው ትልቁ የላንድክሩዘር ወንድም ነው፣ ብዙ እቃቸው ይገናኛል፣ የላንድክሩዘር እቃ ደግሞ የማይሸጥበት ከተማ የለም። እሱንም ግን አይናችሁን ጨፍናችሁ አትግዙ፣ ኤልኤክስ 570 ከፍ ዝቅ የሚያደርገው በዘይት የሚሰራ ሲስተም አለው፣ እሱ ሲያረጅ ሞላ እንደመቀየር ቀላል አይደለም። እኛ ቪ8 የምንለው ላንድክሩዘር ግን ብዙው በሞላ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ደላላው «ፉል ኦፕሽን ነው፣ ሞተሩ ያልተከፈተ» እያለ ሲዘፍን እናንተ ጎንበስ ብላችሁ ከስር እዩ፣ በምን እንደቆመ።

አባቴ የምድር ባቡር ወርክሾፕ ሰራተኛ ነበር፣ ቶርኖ፣ ብረት የሚቀርጸው ማሽን ላይ ነው እድሜውን የጨረሰው፣ «እዚሁ ተቀርጾ የማይገባለት ማሽን የኛ አይደለም» ይል ነበር። ልጅ ሆኜ የሽማግሌ ወሬ ይመስለኝ ነበር። ሀረር ውጡና ፔጆ 404ቶቹን እዩ፣ እያለቁ ቢሆንም። በፈረንጅ 1960 የወጣ መኪና ነው፣ መልኩን ያወጣው ፒኒንፋሪና የሚባለው የጣሊያን ቤት ነው፣ በነዛ አመታት የምስራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊን 4 ጊዜ አሸንፏል፣ እንዲያው ዝም ብሎ ተራ መኪና አልነበረም። ፈረንሳይ መስራት ካቆመች ወደ 50 አመት ሆኗት እዚህ ግን ሸዋ በር ጋ ታክሲ ሆኖ ሰውም ጫትም ይጭናል። ላፕቶፕ የሚሰካበት ቦታ የለውም፣ መዶሻና ቶርኖ ይበቃዋል። ፔጆ ግዙ እያልኩ አይደለም፣ ፍሬኑን ሳስበው እኔም አልሳፈርም።

ኤሌክትሪክ ግዛ የሚሉኝም አሉ። በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ አሮጌው እርስ በርሱ እየተገለባበጠ ዋጋው ሰማይ ወጥቷል፣ አዲሱ ክብር ኤሌክትሪክ ሆኗል። አንድ ጓደኛዬ ገዝቶ ደንገጎን አብረን ወጣነው፣ ድምጽ የለውም፣ ቁልቁለቱን ሲወርድ ደግሞ ባትሪው መልሶ ይሞላል፣ ተአምር ነው። ግን ሙቀት ባትሪ ይጎዳል ይባላል፣ 10ኛ አመቱን ድሬ ላይ ሲደፍን ያየ ሰው የለም፣ እኔ ደግሞ አንዴ ተነድፌ ፈሪ ሆኛለሁ።

አደራ ያልኳችሁ አንቀጽ ይቺ ናት። መኪናዋ ትሸጣለች። ጥቁር፣ ውስጧ ንጹህ፣ ቦሎዋ ያልተቃጠለ፣ ብሉቱዝ አላት። የግራ የኋላው ከረጢትና ኮምፕሬሰሩ አዲስ ነው። የቀኝ የኋላው ግን ከፋብሪካ የመጣው ነው፣ ጠዋት ጠዋት ሁለት ጣት ያህል ዘንበል ብላ ነው የማገኛት፣ ሞተር ሲነሳ ትስተካከላለች። ለታህሳስ ቁልቢ ባለቤቴ ከአሁኑ ጎረቤታችን ዲኤክስ ላይ ቦታ ይዛለች፣ ለኔ ግን ቦታ የለም ተብያለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ