የትኛውን ኮምፒዩተር ልግዛ ላልሽኝ

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። «አባዬ፣ ተገጣጥሞ የሚሸጠውን ኮምፒዩተር ልግዛ ወይስ ዕቃውን ለየብቻ ገዝቼ ራሴ ልገጣጥም? ለኔ ዋናው ወደፊት አፕግሬድ ማድረግ መቻሌ ነው» ብለሽ የጻፍሽውን አነበብኩት። በስልክ ባጭሩ መልሼልሽ መገላገል እችል ነበር። ግን ዕድሜውን ሙሉ የሰው ኮምፒዩተር ሲፈታና ሲገጥም ለኖረ ሰው ልጁ እንዲህ ያለ ጥያቄ የምታመጣበት ቀን ብዙ አይደለምና ታገሺኝ።

ጓደኞችሽ «ራስሽ ካልገጣጠምሽው አፕግሬድ የሚባል ነገር የለም» ብለውሻል አይደል? ራሱ የገጣጠመ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው፣ አትፍረጂበት። ነገር ግን ብሎኑን ማን እንዳጠበቀው ለማሽኑ ምኑም አይደለም። ነገ አንዱን ዕቃ አውጥተሽ ሌላ ማስገባት መቻልሽን የሚወስኑት ዕቃው ሁሉ የሚሰካበት ሰሌዳ ማዘርቦርዱ፣ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላዩና ሁሉን የሚይዘው ሳጥን ኬዙ ናቸው። እነዚህ የተለመደውን መጠንና ማገናኛ የያዙ ከሆኑ ፋብሪካ ገጠማቸው አንቺ ገጠምሻቸው ልዩነት የለውም። አምራቹ ለዚያ ሞዴል ብቻ ብሎ የሠራቸው ከሆኑ ግን ማሽኑ እንደተገዛ ይኖራል።

አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1981 የመጀመሪያውን ፒሲ ሲያወጣ ውስጡ 5 የካርድ ማስገቢያ ነበረው፤ አሠራሩም ይፋ ስለነበር ሌሎች ድርጅቶች የሚሰካ ካርድ እየሠሩ መሸጥ ቻሉ። በ1995 ደግሞ ኢንቴል ኤቲኤክስ የሚባለውን ደረጃ አወጣ። የማዘርቦርዱ ስፋት፣ የብሎን ቀዳዳዎቹ ቦታ፣ የፓወር ሰፕላዩ ቅርጽና ገመድ ያኔ ተወሰነ። አንቺ ከመወለድሽ በፊት የወጣ ደረጃ ነው፣ ዛሬም ለብቻው የሚሸጥ ኬዝና ማዘርቦርድ የሚተዋወቀው በዚያው ነው።

ትልልቆቹ አምራቾች ለቢሮ ብለው የሚሠሯቸውን ማሽኖች ስትከፍቺ ግን ሌላ ነገር ታያለሽ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ለዓመታት የማያስቸግሩ ናቸው፣ ይህን አልክድም። ይሁንና ብዙዎቹ ላይ ማዘርቦርዱ የራሱ ቅርጽ አለው፤ ፓወር ሰፕላዩም በተለመደው ባለ 24 ፒን ገመድ ፋንታ የራሱን ትንሽ ማገናኛ ይጠቀማል። የማብሪያው ቁልፍ ገመድ እንኳ ሌላ ቦርድ ላይ አልሰካ ይላል። ሰው አዲስ ግራፊክስ ካርድ (ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ምስል የሚሠራውን ካርድ) ይዞ ወደኔ ሲመጣ መጀመሪያ የማየው ካርዱን ሳይሆን ፓወር ሰፕላዩን ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ማስገቢያ ለካርዱ የሚሰጠው ቢበዛ 75 ዋት ነው። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ካርድ በቀጥታ ከፓወር ሰፕላዩ የሚመጣ ገመድ ያስፈልገዋል፤ ባለ 8 ፒኑ አንዱ ገመድ 150 ዋት ያቀብላል። ገመዱ ከሌለ፣ ፓወር ሰፕላዩም በሌላ የማይለወጥ ከሆነ፣ ካርዱ ወደ ካርቶኑ ይመለሳል። ኬዙ ቀጭን ከሆነማ ቁመቱ ግማሽ የሆነ ካርድ ፍለጋ መንከራተት ነው።

ተገጣጥሞ የሚሸጥ ሁሉ ግን እንዲህ አይደለም። ለጨዋታና ለቪዲዮ ሥራ ተብለው የሚቀርቡት፣ በተለይ ከአነስተኛ ገጣጣሚዎች የሚመጡት፣ ብዙ ጊዜ ማንም ሊገዛው በሚችል መደበኛ ዕቃ የተሠሩ ናቸው። እነሱን ስትገዢ የሰው ጉልበት ገዛሽ እንጂ ሌላ ያጣሽው የለም። ብቻ ሻጩ በትልቁ የሚጽፈው ፕሮሰሰሩን፣ ማለትም የኮምፒዩተሩን አንጎል፣ እና ግራፊክስ ካርዱን ነው፤ የሚቆጥበው ስማቸው ባልተጻፈው ላይ ነው። ፓወር ሰፕላዩ የማን ሥራ እንደሆነ ጠይቂ። ራሙ (ማሽኑ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ) 16 ጊጋባይት ነው ሲሉሽ አንድ ባለ 16 ነው ወይስ ሁለት ባለ 8 ብለሽ ጠይቂ፤ ፕሮሰሰሩ በሁለት መስመር ሊያነብ ሲችል በአንድ ራም ብቻ በአንድ መስመር ይቀራል፣ ፍጥነቱም ይቀንሳል።

አሁን አፕግሬድ ስትዪ ምን ለመቀየር አስበሽ ነው? ራም መጨመርና ፋይል የሚቀመጥበትን ኤስኤስዲ መቀየር ከሆነ በአብዛኛው ዴስክቶፕ ላይ፣ የቢሮውም ላይ ጭምር፣ ይቻላል፤ ለዚያ ብቻ ብለሽ መገጣጠም ውስጥ አትግቢ። አስቸጋሪው ፕሮሰሰሩ ነው። እዚህ ላይ ራሳቸው የሚገጣጥሙትም የሚሸወዱበት ነገር አለ፤ ማዘርቦርዱ መደበኛ ስለሆነ ብቻ የሚቀጥለው ፕሮሰሰር ይገባበታል ማለት አይደለም። ኢንቴል በ2015 ያወጣው ሶኬት፣ ማለትም ማዘርቦርዱ ላይ ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበት ቦታ፣ 1151 ፒን ነበረው። በ2017 መጨረሻ የመጣው ስምንተኛው ትውልድም በዚያው 1151 ፒን ነው የሚቀመጠው፣ ግን አሮጌው ማዘርቦርድ ላይ አይሠራም። በ2021 የመጣው ባለ 1700 ፒኑ ሶኬት ሦስት ትውልድ አገለገለ፣ ከዚያም በ2024 በ1851 ተተካ።

ሌላው ፕሮሰሰር ሠሪ ኤኤምዲ በዚህ በኩል ደግ ነበር። ኤኤም 4 የሚባለው ሶኬቱ በ2017 ራይዘን የተባሉትን ፕሮሰሰሮቹን የመጀመሪያዎቹን ተቀበለ፤ በ2022 ደግሞ 5800ኤክስ3ዲ የሚባለው ፈጣን ፕሮሰሰር በዚያው ሶኬት ወጣ፤ ባዮሱ (ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ማሽኑን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ከታደሰ በ2017 የተገዙ ብዙ ማዘርቦርዶች ይሸከሙታል። የዚህ ጥቅም የፍጥነት ብቻ እንዳይመስልሽ። ዊንዶውስ 11 የመጀመሪያዎቹን ራይዘኖች አይቀበልም፤ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ደግሞ በ2025 አብቅቷል። መደበኛ ማዘርቦርድ የነበረው ሰው ፕሮሰሰሩን ብቻ ቀይሮ አለፈ። ባዮሱ በአምራቹ የተዘጋበት ወይም ማደሻው የተቋረጠበት ማሽን ያለው ግን ያንኑ ሶኬት ይዞ ቀረ። ዛሬ ያለው ኤኤም 5 በ2022 የመጣ ነው፣ የሚቀበለውም ዲዲአር 5 የሚባለውን አዲሱን የራም ዓይነት ብቻ ነው። ከሱ በፊት የነበረው ዲዲአር 4 ራም ካለሽ አትያዢው፤ ቁርጡ ያለበት ቦታ ስለሚለያይ አይገባም፣ በግድ ካስገባሽው ሁለቱንም ታበላሺያለሽ።

እንግዲህ ፕሮሰሰርና ማዘርቦርድ ብዙ ጊዜ አብረው ነው የሚሄዱት፣ ራሙም አልፎ አልፎ ይከተላቸዋል። ቀርተው የሚያረጁት ኬዙና ፓወር ሰፕላዩ ናቸው። ስለዚህ ገንዘብሽን መጀመሪያ እዚያ ላይ አውጪ የምልሽ ለዚህ ነው፤ ጓደኞችሽ ግን ስለሚያበራው ማራገቢያ ነው የሚያወሩት። ጥሩ ፓወር ሰፕላይ እስከ 10 ዓመት ዋስትና ይዞ ይመጣል። ዛሬ ከሚያስፈልግሽ ዋት ከፍ ያለ ውሰጂ፣ የሚቀጥለው ካርድሽ የበለጠ ሊፈልግ ይችላል።

አንድ ነገር ግን አደራ። ገመዱ ከፓወር ሰፕላዩ የሚነቀለውን ዓይነት ከገዛሽ፣ ወደፊት ፓወር ሰፕላዩን ስትቀይሪ አሮጌዎቹን ገመዶች አብረሽ ቀይሪ። ጫፋቸው ተመሳሳይ ስለሆነ ይሰካሉ፣ ነገር ግን በፓወር ሰፕላዩ በኩል የፒኑ አደራደር ከአምራች አምራች ይለያያል። 12 ቮልቱ 5 ቮልት መሄድ በሚገባው መስመር ገብቶ ያቃጠለውን ዲስክ በእጄ ይዤ አይቻለሁ። ውስጡ የነበረውን ፎቶ ማንም አላወጣውም።

መገጣጠሙ ራሱ የሚፈራውን ያህል አይደለም። በጥድፊያ አትጀምሪው፣ የማዘርቦርዱን መመሪያ መጽሐፍ አትጣይ። ሁለት ራም ከሆነ አብዛኛው ቦርድ ከፕሮሰሰሩ ስትቆጥሪ 2ኛውና 4ኛው ማስገቢያ ላይ እንዲገባ ይፈልጋል። ዲዲአር 5 ያለው ማሽን መጀመሪያ ሲበራ ራሙን እስኪለማመድ ስክሪኑ ለደቂቃዎች ጥቁር ሊሆን ይችላል፤ ተበላሸ ብለሽ እንዳታጠፊው። ሌላውን በቪዲዮ እያየሁ አብሬሽ እሆናለሁ።

የተገጣጠመውን የምመርጥበት ጊዜም አለ። ኮምፒዩተሩ ካልበራ የምትጠይቂው አንድ ሻጭ ነው፤ ራስሽ ከገጣጠምሽው የየዕቃው ዋስትና ለየብቻ ስለሆነ የቱ እንደተበላሸ መጀመሪያ አንቺ ማወቅ አለብሽ። ደግሞ ገበያ አንዳንዴ ይገለበጣል። በ2020 እና በ2021 ግራፊክስ ካርድ ጠፍቶ በነበረበት ወቅት ብዙ ሰው ለካርዱ ብሎ ሙሉ ኮምፒዩተር ይገዛ ነበር፣ ያዋጣም ነበር። ከተገጣጠመ ማሽን ጋር የሚመጣው የዊንዶውስ ፈቃድ ግን ከማዘርቦርዱ ጋር የታሰረ መሆኑን አትርሺ፤ ለብቻው የተገዛው ወደ ሌላ ማሽን ይዛወራል።

ላንቺ ስፈርድ፣ ቪዲዮ የምትሠሪ ስለሆነ ካርድም ራምም መቀየርሽ አይቀርም፣ የሚያጣድፍሽም ነገር የለም፤ ራስሽ ገጣጥሚው። ለመግዛት ከወሰንሽም አልቃወምም፣ ሻጩ የኬዙን ጎን ከፍቶ ያሳይሽ። ባለ 24 ፒኑን ገመድ፣ ባዶ የራም ማስገቢያና ቢያንስ አንድ ትርፍ የኤም.2 ቦታ (ትንሹ ኤስኤስዲ የሚሰካበት) ካላየሽ ተመለሺ።

ከመክፈልሽ በፊት የዕቃውን ዝርዝር ላኪልኝ። የካርዱን ርዝመትና ኬዙ የሚቀበለውን በሚሊሜትር ጻፊልኝ፣ የፕሮሰሰር ማቀዝቀዣውን ቁመትም እንዲሁ።

አባትሽ