አባዬ፣ እማዬን አትፈትናት

አባዬ፣ እንዴት ሰነበትክ?

ይህን በስልክ ልነግርህ ፈልጌ ነበር። ግን ስንደዋወል እማዬ ሁሌም አጠገብህ ናት። እሷ እየሰማች ስለ እሷ ማውራት ደስ አይለኝም። ድምፅ ዝቅ አድርጎ ማውራት ደግሞ ይብሳል፤ ቃሉን ባትይዘውም ስለ እሷ እንደሆነ ይገባታል። ስለዚህ ጻፍኩልህ። ብቻህን ስትሆን አንብበው።

ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም። እባክህ እማዬን መፈተን ተው።

«ዛሬ ቀኑ ምንድነው?» «ይቺ ማናት? አታውቂያትም?» «ጠዋት ማን መጣ? አስቢ እንጂ!» ዕድሜህን ሙሉ አስተማሪ ነበርክ። ተማሪ የረሳውን ደጋግመህ ስትጠይቀው እንደሚይዘው ታውቃለህ። ለእሷም የምታደርገው ያንኑ ነው። አእምሮዋ እንዳይሰንፍ ብለህ እንጂ ከክፋት እንዳልሆነ አይጠፋኝም። ግን ለእሷ አይሰራም። ለምን እንደማይሰራ ልንገርህ፤ አንተ ምክንያቱን ካልሰማህ ነገር የምትቀበል ሰው አይደለህም።

የእማዬ በሽታ፣ አልዛይመር፣ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚያጠቃው ሂፖካምፐስ የሚባለውን የአንጎል ክፍል ነው። አዲስ ነገር ተቀብሎ እንዲቀመጥ የሚያደርገው እሱ ነው። የልጅነቷን ነገር አሳምራ እያወራች የዛሬ ጠዋቱን የማታውቀው ለዚህ ነው። የድሮው ድሮ ሰፍሯል። የጠዋቱ ግን መጀመሪያውኑ አልተመዘገበም። «አስታውሺ» ስትላት ያልተጻፈ ደብተር አንብቢ እንደማለት ነው። ብትቆጣትም ብታባብላትም ገጹ ባዶ ነው።

«ሐኪሙስ ይጠይቃት የለ?» ትለኝ ይሆናል። ይጠይቃታል። ከ30 የሚታረመው ያ ፈተና ግን በሽታው የት እንደደረሰ መለኪያ ነው፣ መድኃኒት አይደለም። እሱን ለሐኪሙ ተወው። በቤቷ በቀን አስር ጊዜ ወድቃ የምትውልበት ምክንያት የለም።

በሽታው ስሙን ያገኘው ከጀርመናዊው ሐኪም ከአሎይስ አልዛይመር ነው። በፈረንጆች 1901 ፍራንክፈርት ውስጥ አውጉስተ ዴተር የምትባል የ51 ዓመት ሴት እሱ ዘንድ መጣች። ስምሽ ማነው አላት፤ አውጉስተ አለች። የባልሽስ? እሱንም አውጉስተ መሰለኝ አለችው። ጥያቄና መልሱን ጽፎ አስቀምጦታል። ከዚያ ሁሉ የማይረሳኝ ግን «ራሴን አጣሁ» ማለቷ ነው። የባሏን ስም ያልያዘች ሴት መጥፋቷን ታውቅ ነበር። እማዬም ስትጠይቃት ወደ እኔ ዞራ ፈገግ የምትለው መልሱ ስለሚያስቃት እንዳይመስልህ። እያመለጠች ነው።

ከሁሉ የሚከብደኝ የአያቴ ነገር ነው። እማዬ «እናቴ የት ሄደች?» ስትል «ሞታለች እኮ፣ ስንት ዓመቷ!» ትላታለህ። ለአንተ የቆየ ወሬ ነው። ለእሷ ግን ትኩስ መርዶ ነው። ታለቅሳለች። ትንሽ ቆይታ ለምን እንዳለቀሰች ትረሳዋለች፤ ኀዘኑ ግን ፊቷ ላይ ይቆያል። ከዚያ ደግማ ትጠይቃለች፣ አንተም ደግመህ ታረዳታለህ።

ይህን ከራሴ አላመጣሁትም። በፈረንጆች 2014 አሜሪካ ውስጥ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አልዛይመር ላለባቸው ሰዎች አሳዛኝ ፊልሞች አሳዩ፤ በሌላ ጊዜ ደግሞ የሚያስደስቱ። ሰዎቹ ያዩትን ብዙም አላስታወሱም። ኀዘኑና ደስታው ግን ከፊልሙ ትዝታ በላይ ቆየባቸው። አክስቴ «ምን ዋጋ አለው፣ መምጣቴን ትረሳዋለች» ስትል የማልስማማው ለዚህ ነው። መምጣቷን ትረሳው ይሆናል። ደስታው ግን አብሯት ይውላል።

«እኔ ውሸት አልናገርም» ብለኸኛል። አትዋሽ። «ናፈቀችሽ አይደል? ምን ዓይነት ሰው ነበረች?» በላት። እዚህ ውስጥ ምን ውሸት አለ? የጠየቀችህ አድራሻ አይደለም። ናፍቋት ነው። ስለ እናቷ ማውራት ከጀመረች ደግሞ አንተም የማታውቀው ታሪክ ይወጣል።

ሲመሽ «ቤቴ ልሂድ» የምትለውም እንደዚያው ነው። ቤትሽ ይሄ ነው ብሎ መከራከር አያዋጣም። አመሻሽ ላይ መረበሽ በዚህ በሽታ የተለመደ ነው። መብራቱን ሳይጨልም አብራ። ተነሺ ትንሽ እንራመድ በላትና አብረሃት ዞር ዞር በል።

በጥያቄው ፋንታ ሥራ ስጣት። ልብስ ስታጥፍ አይተሃታል? ጠርዙን ከጠርዝ ገጥማ፣ በመዳፏ ዳምጣ። እጅ የለመደውን አእምሮ የሚይዘው በሌላ መንገድ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው የሚጠፋው። የታጠፈውን በትና እንደገና ብታጥፈው ምን ቸገረህ?

መድኃኒቱን በተመለከተ «እየወሰደች ለምን አልዳነችም?» ብለህ ነበር። የምትወስደው ዶኔፔዚል አያድናትም። ለአንዳንድ ሰው ምልክቱን ለተወሰነ ጊዜ ያቀልለታል፤ በሽታውን ግን አያቆመውም። መጀመሪያ ላይ ያ ሁሉ ደም የተቀዳውም እንዲሁ አልነበረም። የቫይታሚን ቢ12 እጥረትና የታይሮይድ ችግር ሰውን ያስረሳሉ፤ እነሱ ደግሞ ይታከማሉ። እንደዚያ ቢሆን ብዬ ተመኝቼ ነበር። አልሆነም።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር አጥብቄ ልንገርህ። በሽታው ቀስ እያለ የሚሄድ ነው። በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ድንገት ብትለወጥብህ፣ ያልነበረ ነገር ማየት ብትጀምር ወይም መንቃት ቢያቅታት፣ «መቼም በሽታዋ ነው» ብለህ አትተኛ። የሽንት ኢንፌክሽን፣ የሰውነት ውሃ ማነስ ወይም አዲስ መድኃኒት ሊሆን ይችላል። የዚያኑ ቀን ሐኪም ይያት። እንቅልፍ እምቢ ሲላት ደግሞ ጎረቤት የጠቆመህን ክኒን ሳትጠይቅ አትስጣት። አንዳንድ የእንቅልፍና የአለርጂ መድኃኒቶች እንዲህ ዓይነት ሰው ላይ ግራ መጋባቱን ያብሱታል።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ይህን ክፍል ዘለህ ልታልፈው እንደምትፈልግ አውቃለሁ።

ብዙ ጊዜ ሸፍነህላታል። እንግዳ ፊት ዓረፍተ ነገሯን ትጨርስላት ነበር። የጠፋውን ቁልፍ «እኔ ነኝ የጣልኩት» ትል ነበር። ዘግይተን ያወቅነው አንተ ጎበዝ ስለሆንክ ነው። አሁን ግን ሌሊት ስትነሳ አብረህ ትነሳለህ፣ ቀን ደግሞ በር በሩን ስታይ ትውላለህ። ስትቆጣትም እሰማለሁ። ያ ቁጣ የእንቅልፍ እጦት ነው እንጂ ያንተ ጠባይ አይደለም። «እኔ እያለሁ ማንም አይነካትም» ማለትህን አከብራለሁ። ግን አንተ ከወደቅክ ሁለት ታማሚ ነው የሚኖረን።

ከእህቴ ጋር ተነጋግረናል። ዓርብና ቅዳሜ ማታ እሷ ታድራለች፣ አንተ ሌላ ክፍል በር ዘግተህ ትተኛለህ። የገላዋን ነገር አግዞ የሚሰራ ሰው እየፈለግን ነው። ሰውየዋ መጀመሪያ ስትመጣ እማዬ ታኮርፋለች፣ ይጠበቃል። አንተ ግን አብረህ እንዳታኮርፍ። የውክልናውን ወረቀትም እማዬ ፍላጎቷን መናገር ሳታቆም መጨረስ አለብን፤ እኔ የሕግ ሰው አነጋግሬ እነግርሃለሁ።

የደም ግፊት ክትትልህን እንደተውክም ደርሼበታለሁ። ማን እንደነገረኝ አትጠይቀኝ። የምትወስደውን መድኃኒት ስምና መጠን ከካርቶኑ ላይ ገልብጠህ ላክልኝ። ቀጠሮውን እኔ አስይዛለሁ፣ የዚያን ቀን ከእማዬ ጋር የምውለውም እኔ ነኝ።

ልጅህ