የበዓል ገበታ የዘወትር ሲሆን፦ ደብዳቤ ለልጄ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። በመሥሪያ ቤትህ በተደረገው ምርመራ በባዶ ሆድህ የተለካው የደም ስኳርህ 112 መሆኑን፣ የመረመረችህም ባለሙያ «ገና ስኳር በሽታ አይደለም፤ ግን ተጠንቀቅ» ብላ እንዳሰናበተችህ ነግረኸኛል። በስልክ ተነግሮ የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ፣ ዕድሜዬን ያሳለፍኩበት የነርስነት ሙያም ዝም እንድል ስለማይፈቅድልኝ በጽሑፍ መመለሱን መርጫለሁ።

በባዶ ሆድ ሲለካ ከ100 በታች የሆነው ጤናማ ነው፤ 126 እና ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ ደግሞ የስኳር በሽታ ይባላል። አንተ ያለኸው በመካከሉ ነው። በዚህ ደረጃ ላይ ያለ ሰው ብዙ ጊዜ ምንም አይሰማውም፤ ጥሙ አይበዛም፣ አይከሳም፣ ሌሊት ሽንት አያመላልሰውም። ውስጡ ግን ለውጡ ተጀምሯል። ከምግብ ያገኘነው ስኳር ከደም ወጥቶ ወደ ጡንቻና ወደ ጉበት እንዲገባ የሚያደርገው ከቆሽት የሚመነጨው ኢንሱሊን ነው። በሆድ ዕቃ ዙሪያና በጉበት ውስጥ ስብ ሲከማች እነዚህ አካላት ለኢንሱሊን መታዘዝ ይቀንሳሉ፤ ቆሽት ይህን ለማካካስ አብዝቶ ያመነጫል፤ ዓመታት ሲያልፉ እርሱም ይደክምና ስኳሩ በደም ውስጥ ይቀራል። የአባትህ ሕመም ይኸው ዓይነት ሁለት የሚባለው ስለሆነና በዘርም የሚሄድ ስለሆነ አንተ ከሌላው ሰው ይልቅ መጠንቀቅ ይገባሃል።

ስለ ስኳር ስጽፍልህ ስለ ልብ አብሬ ማንሣቴ አይግረምህ። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው በልብና በአንጎል የደም ሥሮች በሽታ የመጠቃት ዕድሉ ከሌላው ሰው በእጥፍ ያህል ይበልጣል፤ በክትትል ክፍል ከማውቃቸው ሕመምተኞች ብዙዎቹን የጎዳቸውም የስኳሩ መጠን ብቻ ሳይሆን አብሮ የኖረው የደም ግፊትና ኮሌስትሮል ነበር። ኮሌስትሮል በደም ቅዳዎች ግድግዳ ውስጥ ቀስ በቀስ ይጋገራል፤ በስኳር የተጎዳ ግድግዳ ደግሞ ይህን ያፋጥነዋል። (በእርግጥ የልብ ሕመም ሁሉ ከምግብ የሚመጣ አይደለም። በአገራችን ብዙ ወጣቶችን የሚያሠቃየው የልብ ቫልቭ ሕመም በልጅነት በወጉ ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም የሚነሣ ነውና፣ የልጆችህን ቶንሲል ቸል እንዳትል።)

አሁን የሚያበረታታውን ልንገርህ። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ ይፋ የሆነ ትልቅ ጥናት ስኳራቸው እንደ አንተ በመካከል ላይ የነበሩ ከ3 ሺህ በላይ ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። ምግባቸውን አስተካክለው ክብደታቸውን 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ የተደረጉት ወደ በሽታው የመግባት ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ፤ አባትህ ጠዋትና ማታ የሚወስዱት ሜትፎርሚን የተሰጣቸው ግን በ31 በመቶ ነበር የቀነሰላቸው። በዚህ ደረጃ ላይ ገበታህ ከኪኒን የበለጠ ሊረዳህ ይችላል ማለት ነው።

ታዲያ የትኛው ገበታ? ብዙ ሰው ስኳር ተገኘብህ ሲባል የአገሩን ምግብ ጠልቶ ከሱፐርማርኬት የታሸገ ነገር መግዛት ይጀምራል፤ ይህን አልቀበለውም። አያቶችህ በአዘቦት ቀን የሚበሉት የጤፍ እንጀራ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ንፍሮና ቆሎ ለልብም ለስኳርም ከሚመከረው ምግብ ጋር የሚስማማ ነው። ቅቤው፣ ሥጋው፣ ነጩ ዳቦ የበዓልና የእንግዳ ነበር። የዛሬው ችግር፣ እንደማየው፣ የበዓሉ ገበታ የዘወትር መሆኑ፣ ያውም ያን ሁሉ ያቃጥል የነበረው ሥራና እግር ጉዞ ከቀረ በኋላ መሆኑ ነው። ባሕር ዳር እንኳ የብስክሌት ከተማ የነበረችው አሁን ለሁለት ፌርማታ መንገድ ባጃጅ ይጠራባታል።

ስለ እንጀራ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፤ ከሁሉ አብዝተህ የምትበላው እርሱን ነውና። የጤፍ ፍሬ ከማነሱ የተነሣ ተፈትጎ ገለባው አይለይም፤ ከነልባሱ ይፈጫል፣ ስለዚህም አሰሩ፣ ማለትም ሆድ የማይፈጨው የእህሉ ክፍል፣ አብሮ ይቀራል። አሰር ስኳር ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያዘገያል። ሩዝ ወደ ፎገራ ሜዳ ከገባ ወዲህ ግን በእኛ አካባቢ ጤፍን በሩዝ ቀይጦ መጋገር የተለመደ ሆኗል፤ ዋጋው ይቀንሳል፣ እንጀራውም ነጭ ሆኖ ያምራል። የተፈተገ ሩዝ ገለባው ስለተወሰደበት ስኳርን ቶሎ ከፍ ያደርጋል። ገበሬውንም ጋጋሪዋንም አልወቅስም፣ የጤፍ ዋጋ ለሁላችንም ከብዷል፤ አንተ ግን እንጀራ ገዝተህ የምትበላ ከሆነ ምን እንደተቀየጠበት ጠይቅ። ብትችል ሰርገኛ ወይም ቀይ ጤፍ አስፈጭ፤ ካልሆነ ከገብስ ወይም ከማሽላ ጋር ይደባለቅልህ። ፉርኖ ዱቄትና ከእርሱ የሚሠራው ነጭ ዳቦ፣ ፓስታና ብስኩት ከሩዙ ጋር አንድ ወገን ናቸው።

የጤፍ ቢሆንም መጠኑ ያለ ልክ መሆን የለበትም። በአንድ ገበታ ስንበላ ማን ምን ያህል እንደጎረሰ አይታወቅም፤ የእኛ ሰው ደግሞ እንጀራውን አብዝቶ ወጡን ለማጣፈጫ ብቻ ይነካዋል። አንተ ይህን ገልብጠው፤ ወጡና ጎመኑ ይብዛ፣ እንጀራው አንድ ይሁን። ምስር፣ ሽንብራ፣ አተርና ባቄላ ፕሮቲንም አሰርም ስላላቸው አንጀት ውስጥ ቀስ ብለው ይፈጫሉ። ከምሳ በኋላ ሩብ ሰዓት ያህል ብትራመድ ጡንቻህ ያለ ኢንሱሊን ብዙ እርዳታም ቢሆን ስኳሩን ይስባል።

ስለ ቅባት ስጽፍልህ የአንዲት ሩቅ አገር ታሪክ ትዝ ይለኛል። በፊንላንድ ምሥራቅ ሰሜን ካሬልያ የሚባል የከብት አርቢዎች አገር አለ። ሰዎቹ ቅቤ በዳቦ፣ ቅቤ በድስት፣ ጨውም ያለ ልክ ይበሉ ነበር፣ አትክልት ግን እምብዛም አይቀምሱም ነበር፤ ወንዶቹም ገና በሥራ ዕድሜያቸው በልብ ሕመም በዓለም ከታወቀው ሁሉ በላይ ይሞቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 ዶክተር ፔካ ፑስካ የመሩት ሥራ ተጀመረ። የሴቶች ማኅበራት የወጥ አሠራር ቀየሩ፣ ቋሊማ የሚሠሩት ከስቡ ከፊሉን በእንጉዳይ ተኩ፣ መንደሮች ኮሌስትሮል በመቀነስ ተወዳደሩ፣ ሲጋራውም ቀነሰ። በሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ በዚያ ዕድሜ ያሉ ወንዶች በልብ ሕመም መሞታቸው ከ80 በመቶ በላይ ወረደ። እኛም የቅቤ አገር ሰዎች ነንና ይህ ታሪክ ሊያስተምረን ይገባል ብዬ አምናለሁ። ቅቤን ፈጽመህ ተው አልልህም፤ ለበዓሉ ይመለስ ነው የምልህ።

ቅቤን ትቶ የሚረጋ ዘይት መጠቀም ግን ጥቅም የለውም። ከፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ በደም ውስጥ መጥፎውን ኮሌስትሮል የሚጨምር ቅባት ነው። የእኛው የኑግ ዘይት ከግማሽ የሚበልጠው ለልብ የሚስማማው ዓይነት ነው፤ ኑጉን ገዝተህ አስጨምቅ ወይም ዘይቱን ከምታውቀው ሰው ውሰድ፣ ወጥ ውስጥም በማንኪያ ለክተህ ጨምር። ዓሣ ከጣና የምናገኘው ትልቅ በረከት ነው፤ ቀረሶም አምባዛም ከበሬ ሥጋ ይልቅ ለልብ ይሻላሉ። ነገር ግን በሐይቁ ዳር እንደምናየው በዱቄት ተነክሮ ደጋግሞ በፈላ ዘይት ውስጥ የተጠበሰው ዓሣ ያን ጥቅሙን ያጣል። እዚህ ስትመጣ የምሠራልህ ወጡን ወይም በሎሚና በቃሪያ በብረት ምጣድ የተጠበሰውን ነው።

የሚጠጣ ስኳር ከሚበላው ይከፋል፤ ሳያጠግብ ያልፋልና። በአንድ ጠርሙስ ለስላሳ ውስጥ 30 ግራም ያህል ስኳር አለ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በቀን ከ25 ግራም ባይበልጥ እንደሚሻል ይመክራል። ጭማቂ ቤት የምትወደው ስፕሪስም ስኳር ተጨምሮበት ነው የሚቀርበው፤ ማንጎውን በፍሬው ብላው። አቦል፣ ቶናና በረካ እያንዳንዱ ሁለት ማንኪያ ስኳር ከገባበት የቀኑ ልክ እዚያው ያልቃል። ጨው በቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ እንዳይበልጥ፤ በርበሬውና የሽሮ ዱቄቱ ቀድሞ ጨው እንዳለበት አስታውስ።

ጾም ይረዳል ወይ ላልከኝ፣ ቅቤና ሥጋ ለሁለት ወር ገደማ ከገበታ መራቁ ለልብ መልካም ነው። ሆኖም በሁዳዴ ሳምቡሳ፣ የድንች ጥብስና ነጭ ዳቦ የበዛበት ሰው ስኳሩ እንደሚጨምር አይቻለሁ፤ በፋሲካ ዕለትም ሌሊቱን በቅቤና በሥጋ ሆዳቸውን ሞልተው የሚታመሙ አሉ። አንተ መድኃኒት አልጀመርክምና እስከ ዘጠኝ ሰዓት ብትጾም አትጎዳም። ኢንሱሊን የሚወጉ ወይም ስኳርን አጥብቆ የሚያወርድ ኪኒን የሚወስዱ ሰዎች ግን ስኳራቸው ድንገት ሊወርድባቸው ስለሚችል ሐኪማቸውንና የንስሐ አባታቸውን ሳያማክሩ መጾም የለባቸውም።

መራራ ነገር ስኳርን ይገድላል የሚሉህን አትስማ። ሬትና ሽፈራው እየጠጡ መድኃኒታቸውን ትተው ዓይናቸው የደከመ፣ እግራቸው የቆሰለ ሰዎችን በእጄ አክሜአለሁ፤ ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ያመኛል።

ከሦስት ወር በኋላ ደግመህ ተመርመር፤ የዚያን ጊዜ የአንድ ቀኑን ብቻ ሳይሆን የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየውን የደም ምርመራ አሠራ፣ ኮሌስትሮልህንና የደም ግፊትህንም አስለካ። ሦስቱንም ቁጥሮች ጽፈህ ላክልኝ፤ ባለቤትህም ይህን ደብዳቤ ታንብበው፣ ድስቱ የሁለታችሁ ነውና።

እናትህ
ከባሕር ዳር